መንገድ የማይለቀቅበት ደሴት

በአርጆ ቆላ፣ በዲዴሳ ወንዝ መካከል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ሃምሳ አለቃ ኢዶሳ ይህችን ደሴት የመዝናኛ ስፍራ ለማድረግ በተነሣ ጊዜ የአገሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፤ ቀጥሎ ለመደው፤ ኋላም ከነቀምቴ ሳይቀር እየመጣ ይዝናናባት ጀመር። ዛሬ ግን ከጉማሬ በቀር የሚያርፍባት የለም።

ኢዶሳ ሐሳቡን ያመጣው ከሩቅ አገር ነው። በወጣትነቱ ወደ ኮሪያ ከዘመተው ጦር ጋር ሄዶ ትከሻው ላይ በመቁሰሉ ለሕክምና ወደ ጃፓን ተልኮ ነበር። ቁስሉ ሲጠግግ ሐኪሞቹ እሱንና ሌሎች ያገገሙ ወታደሮችን በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ወዳለች ትንሽ ደሴት ለዕረፍት ወሰዷቸው። እዚያ ያየውን ነገር ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ባሕሩ ወደ ኋላ በሸሸ ሰዓት ሰዎች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ዛጎል ይለቅማሉ፤ የለቀሙትን በፍም ላይ ጠብሰው ይበላሉ፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ይጫወታሉ፤ ወደ ማታም በታንኳ ደሴቲቱን ዞረው ፀሐይ ስትጠልቅ ያያሉ። ከሁሉ ይልቅ የገረመው ማንም ማንንም «የማን ልጅ ነህ? ከማን ወገን ነህ?» ብሎ አለመጠየቁ ነበር። የሰው ዘርና የሰው ጠብ ከውሃው ማዶ የሚቀር መሰለው። በዚህ ተሳሳተ፤ ስሕተቱንም ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ጦሩን ለቆ ወደ አርጆ በገባ ጊዜ ይህን ታሪክ ያልነገረው ሰው አልነበረም። የመንደሩ ጎበዞች «ኦቦ ፓስፊክ»፣ አቶ ፓስፊክ እንደ ማለት፣ የሚል ስም አወጡለት።

«ኦቦ ፓስፊክ፣ የባሕሩ ውሃ ጨው ነው ያልከን እውነት ነው?» ይሉታል ገበያ መካከል።

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ምነው፣ ለከብቶቻችን አንድ ጆንያ ይዘህልን ብትመጣ?»

«መርከቡ ሞልቶብኝ ነው» ይላል እሱም። አይቀየምም።

ስቀውበት ቢመለሱም እሱ ከሐሳቡ አልተመለሰም። ከዋንዛ ሳንቃ ሰፊ ታንኳ አሠራ፤ ስንጥቆቿን በሬንጅ ደፈነ። በደሴቲቱ ላይ የበቀለውን ቁጥቋጦ መነጠረ፤ ትልቁን ሾላ ግን ሳይነካ ተወው፤ ከሥሩ የሣር ክዳን ያለው ዳስ ሠራ። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው ነገር ሁሉ በሥርዓት የተደለደለ ነበር። ጠዋት በደሴቲቱ ግርጌ አምባዛ ማጥመድ፤ ቀትር ላይ ያጠመዱትን ጠብሶ በዳቦ መብላት፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በሚሳሳበት በኩል እግርን መንከር፤ ከሰዓት በታንኳ ዞሮ ጉማሬዎቹን ከሩቅ ማየት። ዛጎል ስላልነበረ በምትኩ ልጆች በወንዙ ጠጠር መካከል ቀያይ ድንጋዮችን ይለቅማሉ። አንድ ሕግም ነበረው፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ጠመንጃውን ከዳር ባለችው ጎጆ አስቀምጦ ይሻገራል። አስተማሪዎች መጡ፤ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች መጡ፤ ኋላም ሹማምንቱ መምጣት ጀመሩ።

የኢዶሳ ሚስት ሎሚ የአርጆው የኦቦ ዋጋሪ ልጅ ናት። የምትናገረው ጥቂት ነው፤ የምታየው ግን ብዙ ነው። አዱኛ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ኢዶሳ ገና ከባሕር ማዶ ሳለ አዱኛ በድንበር ዛፍ ላይ ስለተሰቀለ አንድ የንብ ቀፎ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በዱላ መታው፤ የተመታውም ሰው በዚያው ሞተ። ሟቹ የባላባቱ የኦቦ ተረፋ ወንድም ነበር። ፍርድ ቤት አዱኛን ወደ ነቀምቴ ወህኒ ቤት ሰደደው። ዘመኑን ጨርሶ በ፲፱፻፶፬ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ተፈታ።

በዚያ አገር በሁለት ወገን መካከል ደም ከፈሰሰ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉማ የሚባለውን የደም ካሳ አውጥተው እስኪያስታርቁ ድረስ የሚጠበቅ ሥርዓት አለ። የገዳይ ወገን የሟችን ወገን ከሩቅ ሲያይ ከመንገድ ወርዶ፣ ሣር ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፤ ከአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡም። ይህ ሥርዓት ንቀት አይደለም፤ ሌላ ደም እንዳይፈስ የተሠራ አጥር ነው። በአዱኛና በተረፋ ቤት መካከል ጉማ አልወጣም ነበር። አዱኛ እሥር ላይ ስለ ነበር ሽማግሌዎቹ «ይፈታና እናየዋለን» ብለው አሳድረውታል።

ኢዶሳ ግን ወንድሟ እንደ ተፈታ ሲሰማ ሎሚን «ቅዳሜ ወደ ደሴቲቱ እንውሰደው፤ ወህኒ ቤት የከረመ ሰው ውሃና አየር ያስፈልገዋል» አላት።

«የተረፋ ወገን ቢያጋጥመውስ?»

«ፍርድ ቤት ፈርዶበታል፤ ፍርዱንም ጨርሷል። ከዚህ በኋላ የምን ደም ነው?»

«ፍርድ ቤቱ የቀጣው ለመንግሥት ነው። ለተረፋ ቤት ማን ምን አደረገለት?»

«ሎሚ፣ እኔ ወታደር ነኝ። መንግሥት የዘጋውን ዶሴ ደግሜ አልከፍትም።»

ሎሚ አልተከራከረችውም። በዚያ ቀን ሌላ እንግዳ እንዳያሻግር ብቻ ቃል አስገባችው፤ እሱም ቃል ሰጠ።

ቅዳሜ ማለዳ አዱኛ መጣ። ሰውነቱ ከስቶ ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ሲራመድም የመንገዱን ጠርዝ ይዞ እንጂ መካከሉን አይደፍርም።

«ሶዳ፣ አካም ቡልተን?» አለ ኢዶሳን፤ «አማቼ፣ እንዴት አደራችሁ» ማለቱ ነው፤ ሰላምታውን ሳይጨርስም «ዛሬ ሌላ ማን ይመጣል?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም አይመጣም። ዛሬ ደሴቲቱ የአንተ ናት።»

ሲሻገሩ ወንዙ ገና የክረምቱን ጉልበት አልጨረሰም ነበር። ውሃው ደፍርሶ ይወርዳል፤ በወዲያኛው ማዶ ደግሞ ዝሆኔ ሣር ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። አዱኛ መንጠቆውን ይዞ ወደ ደሴቲቱ ግርጌ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጉማሬ ከውሃው ብቅ ብሎ ሲያናፋ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ከዚያም በራሱ ሳቀ። ሎሚ ሳቁን ሰምታ ወደ ባልዋ ዘወር አለች። ዘጠኝ ዓመት ያልሰማችው ሳቅ ነበር። ኢዶሳም በልቡ «አየሽ?» አላት።

የመኪና ጡሩንባ የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው።

በአርጆ በኩል ባለው ዳር አንድ ላንድሮቨር ቆሟል። ኢዶሳ ለብቻው ቀዝፎ ተሻገረ። ከመኪናው የወረደው ከነቀምቴ የመጣው ሹም አቶ መሸሻ ነው፤ ደሴቲቱን የሚወድ፣ ሳቂታ፣ የሸዋ ሰው። ባለቤቱ ወይዘሮ ሸዋጌጥ አብራው አለች። ከኋላ በር ደግሞ አንድ ረጅም ሰው፣ ጠመንጃ በትከሻው ያነገተ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ኦቦ ተረፋ ነበር።

ኢዶሳ ወደ ደሴቲቱ ዞሮ ተመለከተ።

«ሃምሳ አለቃ! አቶ ተረፋ ጎረቤትህ ሆነው ደሴትህን አይተዋት አያውቁም አሉ። ያሳፍራል! ይኸው አመጣሁልህ» አለ መሸሻ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳ ቤተሰብ አለብኝ።»

«እኛስ ባዳ ነን? ሸዋጌጥ፣ ስሚው እስቲ፤ ባዳ አደረገን!»

በዚያች ሰዓት «አይሆንም» ማለት ይቻል ነበር። ሹሙ ይቆጣ ነበር፤ ከዚያ የከፋ ነገር ግን አይመጣም ነበር። ኢዶሳ የሹሙን ቁጣ ፈራ። ፍርሃቱንም «ዶሴው ተዘግቷል፤ ጠብ ውሃ አይሻገርም» በሚለው በአሮጌው ሐሳቡ ሸፈነው። ቢያንስ ሕጉን ላስከብር ብሎ ወደ ጎጆዋ አመለከተ።

«ኦቦ ተረፋ፣ ጠመንጃ እዚህ ይቀራል።»

ተረፋ እጁን በማንገቻው ላይ አሳረፈ። መሸሻ በመካከል ገባ። «ተው እንጂ፣ የባላባት ጠመንጃ ከትከሻ አይወርድም። ቅዘፍ!»

ተረፋ ታንኳዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ደሴቱ ላይ ማን አለ?»

«ባለቤቴና… ዘመድ» አለ ኢዶሳ። ስሙን ዋጠው።

«ዘመድ ጥሩ ነው» አለ ተረፋ፤ ገብቶም ተቀመጠ።

የወንዙ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ሎሚ በመውረጃው ድንጋይ ላይ ቆማ ነበር። በታንኳዋ ያለውን ሰው ለየችው። አልጮኸችም፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ደሴቲቱ ግርጌ ሮጠች። ኢዶሳ እየቀዘፈ ሁለቱን ከሩቅ አያቸው፤ እኅትየዋ ትናገራለች፤ ወንድምየው ይሰማል። አዱኛ ዙሪያውን ተመለከተ። የሚወርድበት መንገድ አልነበረም፤ የሚገባበት ሣርም አልነበረም። በሁሉም በኩል ውሃ ነው። መንጠቆውን አስቀመጠ፤ ጋቢውን አውልቆ በሥርዓት አጠፈና ድንጋይ ላይ አኖረው፤ ከዚያም ወደ ወንዙ ገባ። ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ እስከ ውሃው የወረደውን የሾላውን ሥር ጨብጦ፣ ፊቱን ወደ ወዲያኛው ማዶ አዙሮ ቆመ።

በየብስ ቢሆን ከመንገድ መውረድ ማለት ይህ ነበር።

ተረፋ ከታንኳዋ ውስጥ ተነሣ፤ ታንኳዋ ተወዛወዘች፤ መልሶ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ «ኦቦ ኢዶሳ፣ ዘመድህ ያ ነው?» አለ።

«ኦቦ ተረፋ፣ መንግሥት ፈርዶበታል።»

«እኔ ስለ መንግሥት አልጠየቅሁህም።»

ኦሮምኛ የማያውቀው መሸሻ ፈገግ ብሎ ሁለቱን ተመለከተ። «ምን ትባባላላችሁ?»

«ስለ ዓሣው ነው» አለ ተረፋ፣ በአማርኛ።

ገበታው በዳሱ ጥላ ሥር ተዘረጋ። ተረፋ ወደ ጥላው አልገባም። ፀሐይ ላይ፣ ወደ ግርጌ የሚያሳይ ድንጋይ መርጦ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋደመው። ዳቦ ሲሰጡት አልወሰደም፤ ውሃም አልቀመሰም። ሎሚ የዓሣውን ሣህን እንደ ያዘች በዓይኗ ርቀቱን ለካች። ከተረፋ ድንጋይ እስከ ወንድሟ ራስ ድረስ ያለው ርቀት ለጥሩ ተኳሽ ምንም አልነበረም።

«ያ ሰው ምነው ከውሃ አልወጣ አለ? ይበርደዋል እኮ» አለች ሸዋጌጥ።

«መዝናናት ማለት ይህ ነው!» አለ መሸሻ አፉን እንደ ሞላ። «አንቺ ቁርጭምጭሚትሽን ነክረሽ ትጮኺያለሽ፤ እሱን ተመልከቺ! አንተ! ና ዳቦ ቅመስ!»

አዱኛ ፊቱን አላዞረም።

«ደንቆሮ ነው እንዴ?»

«ዓይነ አፋር ነው፣ ጌታዬ» አለች ሎሚ።

«ሊጋባ ነው መሰለኝ ከጉማሬዋ ጋር!» ብሎ ሳቀ ሹሙ። ከእሱ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ከደጋ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ደሴቲቱ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወድቅ የወንዙ መልክ ተለወጠ፤ አረፋና ቅጠል ይዞ ይወርድ ጀመር። የአዱኛን ደረት ይነካ የነበረው ውሃ ትከሻውን ሸፈነ። ኢዶሳ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ታንኳዋን ፈትቶ በደሴቲቱ ጎን ወርዶ ወደ እሱ ተጠጋ።

«ግባ፤ ወዲያ ማዶ ላድርስህ።»

የአዱኛ ከንፈር ጠቁሯል። «እሱ የተቀመጠበት ሳንቃ ላይ አልቀመጥም፣ ሶዳ። ያውም እያየኝ።»

«ትሞታለህ እኮ!»

«ከዚህ ታንኳ ብገባ ግን ይተኩሳል። ናቀኝ ይላል፤ እውነቱንም ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«ታንኳዋን በእኔና በእሱ መካከል አድርጋት። ፊቴን እንዳያይ።»

ኢዶሳ እንደተባለው አደረገ። ታንኳዋን አግድም አዙሮ እሱም የሾላውን ሥር ጨበጠ፤ ወንዙ ታንኳዋን ሲጎትት የቆሰለው ትከሻው ይቀደድ መሰለው። 

«ወህኒ ቤት ሳለሁ የማስበው አንድ ነገር ነበር» አለ አዱኛ። «ሽማግሌ ይዤ፣ ሣር ይዤ፣ በሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልለው። ምን እንደምለው እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። አንተ ያለ ሽማግሌ አገናኘኸን።»

 ኢዶሳ ይህን ከሚሰማ ቢጮህበት ይሻለው ነበር።

በዚያ መካከል ተረፋ ከድንጋዩ ተነሥቶ ወደ ውሃው ዳር መጣ። ሎሚ ከኋላው ተከተለችው። ተረፋ ሳያያት በኦሮምኛ ተናገረ፤ ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ለወንድምሽ ንገሪው። ሰው ምግብ በሚበላበት ስፍራ አልነካውም፤ የአባቴ ቤት እንደዚያ አላሳደገኝም። ነገር ግን ከዚህ ወንዝ በየትኛው ዳር እንደሚወጣ አያለሁ።»

ንግግሩን አዱኛም ሰምቷል። በአርጆ በኩል ቢወጣ ወደ ተረፋ መንደር መውጣቱ ነው። የቀረው ወዲያኛው ማዶ ብቻ ነው፤ በመካከል ደግሞ የሞላው ውሃ አለ፤ በውሃው ውስጥም አዞ አይታጣም። አዱኛ «ሎሚ ኮ»፣ ሎሚዬ፣ ብሎ እኅቱን በስሟ ጠራ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የሾላውን ሥር ለቀቀ።

ጎርፉ ወዲያው ወሰደው። ራሱ ጠፋ፤ ታየ፤ ደግሞ ጠፋ። ሎሚ መዳፏን በአፏ ላይ ጭና ቆማለች። በመጨረሻ ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ስፍራ፣ አንድ ሰው በእጅና በእግሩ እየዳኸ ወደ ጭቃው ወጣ፤ ዝሆኔ ሣሩም ውስጥ ገባ።

«ጎበዝ! ዋናተኛ!» ብሎ መሸሻ ከዳሱ ውስጥ አጨበጨበ።

ተረፋ ሣሩ መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ስፍራውን ተመለከተ። ከዚያም ወደ ኢዶሳ ዞሮ «አሁን መልሰኝ» አለው። ሲመለሱ መሸሻ ቀኑን አመሰገነ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከነቀምቴ ብዙ እንግዳ ይዞ እንደሚመጣም ተናገረ። ኢዶሳ «እሺ ጌታዬ» ማለቱን ራሱም አልሰማው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሎሚ ለባልዋ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማዶ ያለችን አንዲት አክስት ናት። ሌላ የሚጠጋበት የለም። ተረፋም አክስታችን የት እንዳለች ያውቃል።»

በማግሥቱ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጸሎት በሚሄድበት ሰዓት፣ ተረፋ ለብቻው በእግሩ ወደ ወንዙ ወረደ። ጠመንጃውን አንግቷል፤ ስንቅም ይዟል። ኢዶሳ ታንኳዋን ከዳር አውጥቶ ጭቃዋን እየጠረገ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ኢዶሳ?»

«ደኅና ነኝ፣ ኦቦ ተረፋ።»

«አሻግረኝ።»

«ወደ ደሴቲቱ?»

«ወደ ማዶ።»

«በድልድዩ በኩል አይሻልህም?»

«ድልድዩ ላይ ዘብ አለ። በጠመንጃህ ወዴት ትሄዳለህ ይለኛል። አንተ ግን እንግዳህን ሁሉ የምታሻግር ሰው ነህ። ትናንት ሳልለምንህ አሻገርከኝ።»

ኢዶሳ ታንኳዋን ተመለከተ። በዚህ አገር ውሃ ላይ እንደ እሷ ያለች ሌላ አልነበረችም፤ ከመርከብ ላይ ሆኖ፣ ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆኖ ያሰባት ናት። ወደ ጎጆዋ ገብቶ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ተረፋ እጁን ወደ ጠመንጃው ሰደደ፤ ኢዶሳ ግን ወደ እሱ አልመጣም። ከታንኳዋ ወለል ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ምት ሲያሳርፍ ዋንዛው አልበገር አለ፤ በሁለተኛው ተሰነጠቀ። ወለሏ ሙሉ በሙሉ እስኪገነጠል ድረስ ቀጠቀጠው፤ ከዚያም ወደ ወንዙ ገፋት። ውሃ ሞልታ፣ ጎኗን አሳይታ፣ ወደ ታች ተንሸራተተች።

ተረፋ ይህን ሁሉ አየ። ታንኳዋ ስትሄድም አልተቆጣም።

«በጥር ውሃው ይጎድላል» አለ። «ያኔ በእግሬ እሻገራለሁ።»

ስንቁን ይዞ ዳገቱን ወጣ።

ኢዶሳ መጥረቢያውን ጥሎ በዚያው ቀን ወደ አማቱ ወደ ኦቦ ዋጋሪ ቤት ሄደ። ከዋጋሪ ጋር ሆነው ወደ አገር ሽማግሌዎች ዘንድ ቀረቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ታፋ የሚባሉት ዓይናቸው የደከመ ሰው፣ ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ «ኦቦ ፓስፊክ» አሉት፤ በዚህ ጊዜ ስሙ ቀልድ አልነበረም። «አዱኛ እንደ ተፈታ ብትመጡ ኖሮ ቀላል ነበር። አሁን ሰውየውን በሹም ፊት አቃለኸዋል። አንድ በጋ የሚበቃው አይመስለኝም።»

«አባ፣ ያለን ግን አንድ በጋ እንኳ አይሞላም።»

«እናውቃለን።»

ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በተረፋ በር ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ኢዶሳና ዋጋሪ ከኋላቸው፣ ከመንገዱ ወርደው ይቀመጣሉ። በሩ አልተከፈተም። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ ገባ። ሎሚ በየሳምንቱ ወደ ወንዙ ወርዳ እየተመለሰች ውሃው እስከየት እንደ ጎደለ ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ የደሴቲቱ ግርጌ አሸዋ ታየ፤ ቀጥሎ በወዲያኛው ማዶ በኩል ያሉት ትልልቅ ድንጋዮች ጫፋቸውን አወጡ። ከማዶ የመጣ አንድ የማር ነጋዴም አዱኛ በአክስቱ ቤት በወባ ተይዞ እንደ ተኛ፣ መነሣት እንኳ እንደማይችል ነገራቸው።

በጥር መጀመሪያ አንድ ማለዳ የተረፋ በር ተከፈተ። ተረፋ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ስንቁን ይዞ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከዳር እስከ ዳር በመንገዱ ላይ ተጋድመው ነበር፤ ታፋ በመካከል፣ ሣሩን በደረታቸው ላይ ይዘው። ወደ ወንዙ ለመውረድ በላያቸው መራመድ ነበረበት። ተረፋ እግሩን አነሣ። ሰውየውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግሩ ለረጅም ጊዜ በአየር ላይ ቆየ፤ ከዚያም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ወደ ቤቱም ግን አልገባም። በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋደመ፤ ሽማግሌዎቹ የሚነሡበትን ሰዓት ይጠብቅ ጀመር። ኢዶሳ ከሣሩ ውስጥ ተነሥቶ መጣና በታፋ ጎን፣ መሬት ላይ ተጋደመ።